የተበላችው ቃል

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ኤፍሬም ታምሩ ተከፈተ። ከሮሃ ባንድ ጋር የሠራው፣ የድሮው። ጣርማበር ጉም ለብሷል። ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ድምፁ ደመቀ። የሰላም ስዩም ጊታር ጆሮዬ ሥር የሚመታ መሰለኝ።

በሆዴ እየተከተልኩ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቃል ዘለልኩ። ዘፈኑ ግን አልዘለለም።

ደነገጥኩ። በ1981 ዓ.ም. ቴፓችን ያንን ካሴት በልቶት ነበር። ወንድም ጋሼ የተጨማደደውን ክር በምላጭ ቆርጦ፣ በፕላስተር ቀጥሎ፣ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ መለሰው። ትንፋሹን ውጦ ነው የሠራው። እኛም ከበን ትንፋሻችንን ውጠን አየነው። የጠፋችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ዘፈኑ ያለእሷ ተዘፈነ፤ እህቶቼ ልብስ ሲያጥቡ እንኳን ይዘሏት ነበር።

"ወንድሜ፣ እባክህ እስኪ ድገምልኝ" አልኩት ሹፌሩን። ደገመልኝ።

ሙሉው ያምራል፣ በጣም ያምራል። የእኔ ዘፈን ግን ያ የተቀጠለው ነው፤ የወንድሜ እጅ ያለበት። ያኔ ካሴት አንድ ነበር፣ ቤተሰቡም አብሮ ነበር የሚሰማው። ዛሬ ሁላችንም የየራሳችንን ስልክ ይዘናል።

ደብረ ሲና ወርጄ ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። ቃሏን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና ስልኩ ላይ መዝፈን ጀመረ። ቦታዋ ላይ ሲደርስ ዘለላት።