ሐረጎ ላይ የጠፋው ድምፅ፦ የፊት ኩሽኔታ ስቀይር የገጠመኝ

ትናንት ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ሬዲዮውን አጥፍቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ከሞተሩ በቀር ምንም አይሰማም። ሦስት ወር ሙሉ አብሮኝ የኖረው ጉርምርምታ የለም። ቤት ስደርስ ወርጄ የግራውን የፊት ጎማ መሃሉን ዳሰስኩት። ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

መኪናዬ የ1982 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ደርሶ መልሱ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙያዬ መካኒክነት አይደለም። አምና ዘይትና ፊልትሮ ራሴ መቀየር ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቀጥሎ የፍሬን ሸራ። እነዚህን ቪዲዮ አይቶ ማንም ይወጣቸዋል። ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገው ሮለርና ቀለበት ያለው ዕቃ፣ ግን አስተምሮኛል፣ አስከፍሎኛልም።

ድምፁ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። በ40 ይነሳል፣ በ60 ይጎላል። ማርሹን ነጻ ሳደርገውም አይጠፋም፤ ስለዚህ ሞተሩ አይደለም። ጎማ ይሆናል ብዬ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወርኩ። ምንም ለውጥ የለም። የጎማ ድምፅ መንገዱ ሲለወጥ ይለወጣል። ይሄ ግን ለስላሳ አስፋልት ላይም፣ የተቦረቦረ ላይም ያው ነው።

እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን፤ ሐረጎ አለን። ኩርባው አያልቅም። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ። የተበላ ኩሽኔታ ደግሞ ሸክም ሲያርፍበት ነው የሚጮኸው። የእኔዋ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ትጮሃለች፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ዝም ትላለች። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ቀኝ ስታጠፍ ከጮኸች የቀኙ ነው ብዬ የቀኙን ቀየርኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜና የሁለት ኩሽኔታ ዋጋ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ሐረጎን ስወርድ ድምፁ እንዳለ ነው።

በክሪክ አንስቶ ማየትም ብቻውን አልረዳኝም ነበር። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ሁለቱም ጎን ትንሽ ትንሽ ይላወሳል። ወንድሜ ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ መላወሱ ጠፋ። ያ ችግሩ ኩሽኔታ እንጂ ቦል ጆይንት (ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ) አለመሆኑን ነገረኝ፣ የትኛው ጎን እንደባሰበት ግን አልነገረኝም። ኮምቦልቻ ወርጄ በእጄ ስዳስስማ ሁለቱም እሳት ሆነዋል። በኋላ ነው የገባኝ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ፍሬን እየረገጥክ ወርደህ የጎማን ሙቀት መለካት ትርጉም የለውም፤ የሞቀው ፍሬኑ ነው። ሙቀት መዳሰስ የምትፈልጉ ሽቅብ ወጥታችሁ ዳስሱ። ሽቅብ ፍሬን አይነካም። እኔ ደሴ ስደርስ የቀኙ ቀዝቃዛ ነበር፣ የግራው ግን ጣት አያስቀምጥም።

አፈታቱን አላራዝመውም። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራዎቹን የያዘውን ክፍል) ፈትታችሁ በሽቦ አንጠልጥሉት፣ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካውን ሽቦ) አውጡና ኩሽኔታውን የሚያስረውን ዳዶ ፍቱ፣ ከዚያ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት) ከነዲስኩ ይወጣል። በየጎኑ ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ የውስጡ ትልቅ፣ የውጩ ትንሽ። ቁጥሩ ፊቱ ላይ ተቀርጿል፤ አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይበልጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ሞዞው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረውን የውጭ ቀለበት ሳትቀይሩ ሮለሩን ብቻ አትቀይሩ። «እሱ ደህና ነው፣ ተወው» የሚል መካኒክ ብዙ ነው። ቀለበቱና ሮለሩ አብረው የተሠሩ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ሮለር ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። አዲሱን ቀለበት ለማስገባት ደግሞ አሮጌውን ዙሪያውን በግራይንደር ትንሽ አሳስቼ በላዩ ላይ አድርጌ መታሁት። ቀጥ ብሎ ገባ። ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ግሪስ ላዩን ቀብቶ መተውም አይሆንም። መዳፍ ላይ ግሪስ አስቀምጣችሁ ኩሽኔታውን በሰፊው ጎኑ እየጫናችሁ፣ ግሪሱ በሌላው ጎን በሮለሮቹ መካከል ብቅ እስኪል ድረስ ሙሉት። አንዱ ብቻ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ፤ ዳዶው ምን ያህል ይጥበቅ?

የግራውን መጀመሪያ ስገጥመው በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅኩት። የጎማ ነገር ስለሆነ ፈራሁ። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ አዲስ ድምፅ መጣ፣ ከቀድሞው ቀጠን ያለ። ስፈታው ግሪሱ ቀልጦ ወደ ውጭ ፈሷል። ሮለሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ ምጣድ ላይ እንደቆየ ብረት። አዲስ ኩሽኔታ በእጄ አቃጠልኩ።

ሁለተኛውን በፍርሃት አላላሁት። ድምፅ የለም፣ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ቀን ሐረጎን ስወርድ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጠ። ሁለቴ ስደጋግመው ያዘ። ላብ አጠመቀኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኩሽኔታው ሲላላ ዲስኩ እየተወላገደ ሸራዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፣ ስለዚህ ፔዳሉ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ነው የሚረግጠው። ያን ቀን ከፊቴ የተጫነ ተሳቢ ነበር። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

ጎረቤቴ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በአሰብ መስመር ብዙ ዓመት ነድተዋል። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ እያዞርክ አጥብቀው፣ ሮለሩ ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ልቀቀው። ከዚያ በጣትህ ብቻ።» በጣት ሲሉ የእሳቸው ጣት ነው። አርባ ዓመት ዳዶ የያዘ ጣት። የእኔ ጣት ያንን አያውቅም፤ ቁጥር ፈለግኩ።

ቁጥሩን የሰጠኝ የእህቴ የሻንጣ መመዘኛ ነው። ከጂዳ ስትመጣ ይዛው የመጣች፣ እጀታና መንጠቆ ያላት፣ በግራም የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። ጋሼ እንዳሉኝ ሞዞውን እያዞርኩ 30 ኒውተን ሜትር ገደማ አጠበቅኩ፣ ደጋግሜ አሽከረከርኩት፣ በእጅ እስኪዞር ለቀቅኩት፣ ከዚያ በጣቴ መልሼ ያዝኩት። ጎማውም ካሊፐሩም ወልቀዋል፤ ሸራው ከነካው ንባቡ ውሸት ይሆናል። የሚዛኗን መንጠቆ ከጎማው ቡሎኖች በአንዱ ላይ አድርጌ ወደ ጎን ቀስ ብዬ ሳብኩ። 300፣ 450፣ 600 አለች። 700 ግራም ላይ ሞዞው ንቅንቅ አለ። በእጅ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስነቀንቀው መላወስ የለም። ኮፒሊያውን አስገባሁ፣ ጫፎቹን አጠፍኩ። የቀኙን ስለካው ደግሞ ጭራሽ ላላ ያለ ነበር፤ እሱንም እንደዚሁ አስተካከልኩት።

ይህ ኩሽኔታ ሾጣጣ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካዊ ጋሪ ሠሪ ነው እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። ጋሪ ሲታጠፍ ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነበር ያስቸገረው። ሐረጎ ላይ የእኔን መኪና የሚገፋትም ያው ነው። ቀጥ ያለውን ሸክምም የጎኑንም አብሮ ይችላል፣ ግን በልኩ ከታሰረ ብቻ።

የኋላውን አልነካውም። እሱ አክሱ (ዘንጉ) ላይ በፕሬስ የሚገባ ነው፣ እኔ ፕሬስ የለኝም። በመዶሻ ይሆናል የሚላችሁን አትስሙ፤ ለጋራዥ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ 400 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ነገ ቅዳሜ የግራውን አንስቼ እንደገና እመዝነዋለሁ። እህቴ መጋቢት ላይ ትመለሳለች፣ ሚዛኗም አብራት ትሄዳለች። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለች ሚዛን የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ንገሩኝ።