ማዕዘኑን ሳልለካ የመረጥኩት ስፒከር

ልጅ ሳለሁ አያቴ ዘንድ ገጠር ስንሄድ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራው ሁለት እጅን አፍ ላይ እንደ ጥሩምባ ገጥሞ ነበር። የጠሪው ጉልበት ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። ባለ ጥሩምባ ስፒከር የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ከጥሩምባው ጉሮሮ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ለዓይን በማይታይ መጠን ትርገበገባለች፤ ቀስ በቀስ የሚሰፋው ጥሩምባ ያንን ተቀብሎ ለክፍሉ አየር ያስረክባል። ሽፋኗ ብዙ ስለማትወራጭ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ኤሌክትሪኩም ጥቂት ይበቃዋል።

እኔ የተማረክሁት እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ ወዳጄ ቤት የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከሸክላ በባለ ጥሩምባ ስፒከር የሰማሁ ዕለት ነው። ሽለላውን ሊጀምር ሲል መጀመሪያ ትንፋሹ መጣ፤ ቀጥሎም የሳክስፎኑ ቁልፎች ሲከደኑ የሚያሰሙት ቀጭን ኳኳታ። ያው ሸክላ እኔም ቤት አለ። ለሃያ ዓመታት ሳዳምጠው ያ ትንፋሽ አንድም ቀን ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ያሰስኩት ክሊፕሾርንን ነበር። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 በአርካንሶ ግዛት፣ በሆፕ ከተማ ድርጅቱን ሲያቋቁም የተነሳው በዚህ ስፒከር ነው። 50 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የባስ ድምፅ አንዱ ሞገድ ሰባት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለእሱ የሚመጥን ቀጥ ያለ ጥሩምባ ሳሎን ውስጥ አይገባም። ክሊፕሽ ጥሩምባውን እንደ ነጠላ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ የጎደለውን ደግሞ ከቤቱ ተበደረ። ስፒከሩ ጥግ ላይ ሲቆም ሁለቱ ግድግዳዎች የጥሩምባው ቅጥያ ይሆናሉ።

ይህንን ሁሉ አንብቤ ቀብድ ከፈልኩ። ሜትር ይዤ ሳሎኔ ጥግ የቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው። የግራው ጥግ የደረጃ በር ነው፤ የቀኙን ጥግ መስኮት ይዞታል። ቀብዱ በዚያው ቀረ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ ስሜት ይዞኝ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት መዝለሌ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የፈለግኩት ጥግ የማይጠይቀውን ታናሹን፣ ላ ስካላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ሲሆን፣ ባለ 15 ኢንች የባስ ስፒከሩ በታጠፈ ጥሩምባ ውስጥ ተደብቋል፤ ከላዩ የመካከለኛውና የቀጭኑ ድምፅ ጥሩምባዎች አሉ። ያገለገለ ጥንድ ቨርጂኒያ ውስጥ አገኘሁና የራሴን ሸክላዎች ይዤ ሄድኩ። ሻጩን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግልኝ ለምኜ በየጥሩምባው አፍ ላይ ጆሮዬን ደገንኩ። በጮኸ ሙዚቃ የሚሸፈነው ጉድለት ያኔ ይገለጣል፤ የአንደኛው ቀጭን ድምፅ ከሌላው ደክሞ አገኘሁት። ጥፋቱ ያረጁት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ነበሩ፤ በጥቂት ገንዘብ ተቀየሩ። የሣጥኑን ጎን በጣቴ ሳንኳኳው ደግሞ እንደ ከበሮ መለሰልኝ። ይህ የድሮው ሞዴል የታወቀ ጠባይ ነው፤ በኋላ ከውስጥ የእንጨት ማገር ገጠምኩለትና ዝም አለ።

ትልቁ ትምህርት ግን ከአምፕሊፋየሩ በኩል መጣ። ላ ስካላ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 104 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይሰጣል። 88 ዴሲቤል ከሚሰጥ ተራ ስፒከር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በኃይል አርባ እጥፍ ነው፤ ያኛው 100 ዋት የሚጠይቅበትን ድምፅ ይህ በሁለት ዋት ተኩል ያወጣዋል። እኔ ግን የነበረኝን የ200 ዋት አምፕሊፋየር አገናኘሁት። ሙዚቃው ሳይጀመር፣ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ የመሰለ ሹክሹክታ ሳሎኑን ሞላው። ስፒከሩ ሙዚቃውን እንደሚያጎላ ሁሉ የአምፕሊፋየሩንም ጉድፍ ያጎላል። ጸጥ ያለ የ8 ዋት ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየር እስካገኝ ድረስ ሸክላ ማጫወት ተውኩ። ስለዚህ ጓደኞቼ ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የዋቱን ብዛት ሳይሆን፣ ምንም ሳይጫወት ስፒከሩ አጠገብ ምን እንደሚሰማ ነው።

ርቀትም ዋጋ አለው። ሁለት ሜትር ላይ ስቀመጥ ሦስቱ ጥሩምባዎች በየፊናቸው ይናገራሉ፤ ወንበሬን ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ስስበው ክራሩ አንድ ክራር ሆነ።

ባስ በኩል ጉድለቱን አልደብቅም። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ይደርሳል፤ ላ ስካላ ከ50 ኸርዝ በታች ይደክማል። ጥልቅ ባስ የሚወድ ሰው ይህ ቅር ይለዋል። የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከር ጨምሬ ለአንድ ወር ሞከርኩ፤ ከላ ስካላ ፍጥነት ጋር አልሄድ ስላለኝ አነሳሁት። አሁን የቀረኝ ሥራ የቀኙ መስኮት ነው፤ ባስ ጊታሩ ወደ ታች ሲወርድ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቅዳሜ ዙሪያውን በፑቲ ላጠብቀው አስቤአለሁ።