"ይህን ተረት ማን ነገረሽ?"

ባለፈው ሴሚስተር የሥነ ቃል መምህራችን አንድ ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን አንድ ተረት ወይም አፈ ታሪክ መርጠን፣ ወረቀት ሳንይዝ፣ ክፍሉ ፊት ቆመን በ10 ደቂቃ እንድንተርክ ነው። ጊዜው ሦስት ሳምንት ነበር። እኔ ሁለቱን የጨረስኩት ርእስ በመምረጥ ነው። የምጽፈውም ስለዚያ ምርጫ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ሜዱሳን ነበር። ፀጉሯ እባብ፣ ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባት የግሪኳ ሜዱሳ። ስልኬ ላይ ብዙ ጽሑፍ አገኘሁ፤ ሥዕሉም ሞልቷል። ለመምህሩ ስነግራቸው አልከለከሉኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ይህን ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገረኝም፤ አንብቤው ነው። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። እኔ "ተረት ተረት" ሲሉኝ "የላም በረት" ብዬ የመለስኩላቸው ሰዎች አሉኝ። ታዲያ ለምን ከእነሱ አልጀመርኩም?

ቀጥሎ የመጣችልኝ ንግሥተ ሳባ ናት። ሁሉም ያውቃታል፣ በእሷ አልወድቅም አልኩ። ክብረ ነገሥትን በአማርኛ አነበብኩ። ነጋዴው ታምሪን ከ520 ግመሎቹና ከ73 መርከቦቹ ጋር፣ የሰሎሞን ጥበብ፣ ቅመም የበዛበት እራት፣ የሌሊቱ ውኃ፣ ቀለበቱ፣ የምኒልክ መወለድ፣ የታቦተ ጽዮን መምጣት። በሬን ዘግቼ፣ የስልኬን መቅጃ ከፍቼ ሞከርኩት። 27 ደቂቃ ፈጀ፤ ያውም እየሮጥኩ። መልሼ ሳዳምጠው ዓይን ላይ የሚቀር አንድም ነገር የለውም። ሄደች፣ ደረሰች፣ ጠየቀች፣ ተመለሰች። ትረካ ሳይሆን ዝርዝር ነበር። ከዚያ ወዲያ ርእስ በመጣልኝ ቁጥር አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፦ ዓይኔን ጨፍኜ የማየው አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጭንቀት አለው ወይ?

በዚህ መለኪያ ብዙ ነገር ወደቀ። የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች ግሩም ናቸው፤ ግን አጫጭር ናቸው፣ ክፍሉም መጨረሻቸውን ያውቀዋል። ላሊበላ ሲወለድ የከበቡት ንቦች ውብ ናቸው፤ እኔ ግን ከንቦቹ ቀጥሎ የምለው አልነበረኝም። በጣም የሳበኝ የአቡነ አረጋዊ ታሪክ ነበር። ደብረ ዳሞ አምባው ላይ የሚወጡበት ቢያጡ ዘንዶ ጅራቱን ጠምጥሞ አወጣቸው ይባላል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው። ተውኩት እንጂ ልቤ ቀርቶበት ነበር። የተውኩት ለብዙ ጓደኞቼ ይህ ገድል ስለሆነ ነው። ጥቅምት 14ን ያከብራሉ፤ ይሳሉበታል። ያንን ለውጤት በሚቀርብ ሥራ ውስጥ በድምፅና በእጅ እንቅስቃሴ ልጫወትበት አልፈለግሁም። ማንም አልከለከለኝም። የራሴ ውሳኔ ነው፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል።

ዘንዶው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ቅዳሜ ከአክሱም አካባቢ የመጡ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። አቦሉ እየተጠጣ ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ፣ "እማማ፣ እናንተ አገር የዘንዶ ተረት አለ?" አልኳቸው። "የእትዬ አዜብን ነው የምትይኝ?" አሉ። ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቶናው እስኪደርስ ጀመሩልኝ።

ሕዝቡ ለዘንዶው ልጃገረድ ይገብራል። ተራው የአዜብ ሆነና ከዛፍ ጋር አሰሯት። ቅዱሳኑ እነ አባ ገሪማ ሲያልፉ ከዛፉ ጥላ ሥር አረፉ። እንባዋ ጠብ አለባቸው። ቀና ቢሉ ልጅቱን አዩ። ዘንዶው ሲመጣ በመስቀል መትተው ገደሉት። ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ተንጠባጠበና የአህያ ሰኮና ሆነ። ወደ መንደሯ ብትመለስ "አምልጠሽ መጥተሽ ልታስጨርሺን ነው" ብለው አባረሯት። ሌሊቱን ዛፍ ላይ አደረች። ሲነጋ ሬሳውን ወስዳ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ አነገሧት። ኋላ ኢየሩሳሌም ስለሚገኘው ጠቢብ ንጉሥ ሰማች። እግሯን እንዲያድናት ሄደች። የሰሎሞንን ደጃፍ እንደረገጠች ሰኮናው ጠፍቶ ተረከዟ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ያቺው ንግሥተ ሳባ ናት! 27 ደቂቃ ሙሉ ያላገኘኋት ሴት፣ አንድ እግሯ ቆስሎ መጣችልኝ። "እማማ፣ ይሄ ገድል ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ገድልማ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚነበበው። ይሄ የማታ ጨዋታ ነው" አሉኝ። እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ለመቅዳት ስልኬን ይዤ ተመለስኩ። አስፈቅጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ግማሽ ሰዓት ያወሩት ሴት በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጀበናው ተጣደ፣ ተረቱም ተመለሰ። የሰማሁትን የጻፍኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

ከዚያ ሌሎቹን አተራረኮች ፈለግሁ። አዲስ አበባ የባህል ዕቃ መሸጫዎች የሚሰቀለውን፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል የሚሣለውን የንግሥተ ሳባ ሸራ ሄጄ ከላይ እስከ ታች አየሁት። እዚያም የሚጀምረው በዘንዶው ነው። ስሙ አርዌ ነው፤ ፍየል ይገበርለታል። የሚገድለው ግን ቅዱስ አይደለም፣ አንጋቦ የሚባል ሰው ነው። ፍየሏን መርዝ አብልቶ ለአርዌ ይሰጣታል። ከዚያ ይነግሣል፤ ልጁ ማክዳ፣ ማለትም ንግሥተ ሳባ፣ ትወርሰዋለች።

እዚህ ላይ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። የትኛው ነው ትክክለኛው? ደግሞ አባ ገሪማ ከተስዓቱ ቅዱሳን፣ ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ዘጠኝ መነኮሳት፣ አንዱ ናቸው፤ የመጡት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ሰሎሞን ከልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረ ንጉሥ ነው። ከ1,400 ዓመት በላይ የሚራራቁ ሰዎች እንዴት በአንዲት ሴት ዕድሜ ይገናኛሉ? ላስተካክለው ሞከርኩ። ቅዱሳኑን አውጥቼ አንጋቦን አስገባሁ። ያኔ እንባዋ የሚወድቅበት ሰው ጠፋ። ደሙም ተረከዟ ላይ የሚንጠባጠብበት ምክንያት ጠፋ። መልሼ እማማ እንደነገሩኝ አደረግሁት። ታሪክ ስጽፍ ዓመተ ምሕረት አጣራለሁ። ተረት ስተርክ ግን የሰማሁበትን አፍ ነው የምከተለው። በነገራችን ላይ አቡነ አረጋዊም ከተስዓቱ ቅዱሳን ናቸው። እነዚያው ቅዱሳን በአንዱ ታሪክ ዘንዶ ሲገድሉ፣ በሌላው ዘንዶ ገመድ ሆኖላቸው ሲወጡ ማየት እስካሁን ይደንቀኛል።

የቀረው ቀላል ነበር። ከዛፉ ጀመርኩ፤ ማን እንደሆነች እስከ መጨረሻው አልተናገርኩም። 9 ደቂቃ ከምናምን ፈጀ። የሰሎሞን ደጃፍ ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ "ሳባ ናት እንዴ?" አለች፣ ጮክ ብላ። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፦ "ማን ነገረሽ?" አሁን መልስ ነበረኝ።

ማታ ለእማማ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባል የለ፤ ተረቱ የእሳቸው ነው። እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው አስወሩኝ። ጨርሼ ዝም ስል ጠበቁ።

"ወደ ሰሎሞን ስትሄድ ፀጉሯን እንደ ወንድ ማሰሯን፣ ሰይፍ መታጠቋንስ ነገርሻቸው?"

ለሰዓቱ ብዬ ቆርጬው ነበር።