400 ካሬ ሜትር ደን

ኅዳር ላይ ከሱባ ደን ስንመለስ ተማሪዎቹን አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ የሰበሰብኳቸውን 28 ወረቀቶች አገላብጣለሁ። እያንዳንዱ ወረቀት 32 ጥያቄ አለው፤ ሁለት ሌሊት አምሽቼ ያዘጋጀሁት ነው። መልሱ ሁሉ ትክክል ነበር። ችግሩ የሃያ ስምንቱም መልስ አንድ መሆኑ ነው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል። አንዱ ልጅ «በደኑ የሚገኙ ሦስት አጥቢ እንስሳት» ለሚለው ጥያቄ ጉሬዛ ብሎ ሲጽፍ ጉሬዛዎቹ ከራሱ በላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቀና ብሎ አላያቸውም። ጥያቄ 19 ላይ ነበር፤ ገና 13 ይቀሩታል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከተማዋ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ክፍሌ ውስጥ የኬንያ፣ የኮሪያ፣ የህንድና የሴኔጋል ልጆች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከክፍል ውጭ የሚሰጥ ትምህርትን ይወዳል። ትልልቆቹ ተማሪዎች በኤዲንብራ መስፍን ስም ለሚታወቀው ዓለም አቀፍ ሽልማት ድንኳናቸውን ተሸክመው ይወጣሉ፤ ለመጀመሪያው የነሐስ ደረጃ እንኳ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ደጅ ማሳለፍ ግድ ነው። የእኔ የ8ኛ ክፍል ልጆች ለዚያ ገና ስለሆኑ በዓመት ሦስት ጊዜ የቀን ጉዞ ይደርሳቸዋል። ጉዞዎቻችን ሁልጊዜ በፎቶግራፍ ያምራሉ። የኅዳሩም አምሮ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ባየሁት ቁጥር የማፍረው እኔ ብቻ ነኝ።

ስሕተቱ ከደኑ አልነበረም። ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ደን ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ስለሚደርስ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ዛፉ ይለወጣል፤ ከታች የተተከለ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ፣ ቀጥሎ ዝግባ፣ ወይራና ጽድ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከጫፉ አጠገብ አስታ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። እኔ ይህን ሁሉ፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እስከ አስታ፣ በአንድ ቀን ላሳያቸው ፈልጌ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር አስኬድኳቸው። ሰርግ ቤት ሁሉንም ወጥ ካልቀመስኩ እንደሚል እንግዳ ሆኜ ነበር።

ለየካቲቱ ጉዞ ጥያቄዎቹን በሙሉ ጣልኳቸው። ደኑ ውስጥ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አንድ ቦታ መርጬ ቀኑን ሙሉ እዚያው ልንውል ወሰንኩ። የሚያስፈልገው ዕቃ ገመድ፣ አራት ችካል፣ ቀይ የሱፍ ክር፣ የጨርቅ ሜትር፣ ሁለት ቴርሞሜትርና ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ደብተር ነው። የዛፍ ቁመት መለኪያውን ራሳቸው ክፍል ውስጥ ሠሩት፤ ፕሮትራክተር ላይ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ይለጠፋል፣ ከመሐሉ ክር ይንጠለጠላል፣ ክሩ ጫፍ ላይ ከጋራዥ የለመንኳቸው ዳዶዎች ይታሰራሉ። በጉዞ ፈቃድ ቅጹ ላይ «የእግር ጉዞው ርቀት» በሚለው ቦታ 700 ሜትር ብዬ ስጽፍ ቢሮው ስሕተት መስሎት መልሶ ላከልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ለ400 ካሬ ሜትር ከሆነማ የትምህርት ቤቱ ግቢ ምን አነሰው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ ቦታውን አየሁ። ትልቁ ትርፌ ግን ቦታው ሳይሆን የደን ጠባቂው ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ፣ እያንዳንዱን ዛፍ እንደ ጎረቤት የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ልጆቹ ካልጠየቁዎ ምንም እንዳይነግሯቸው» አልኳቸው። ሳቁና «ታዲያ ለምን ትፈልጊኛለሽ ልጄ?» አሉኝ።

የጉዞው ቀን ዓርብ ነበር፤ ያውም በዐቢይ ጾም። እኔ፣ አገሬን አውቃለሁ የምለው ሰው፣ ለሁሉም የዶሮ ሳንድዊች አዝዣለሁ። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ልጅ ስም በሦስት ቅጽ ላይ ጽፌያለሁ፤ ዘጠኝ ልጆች እንደሚጾሙ ግን አንዱም ቅጽ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩም። ያዳነን ሾፌራችን ነው። ሰበታ ላይ አውቶቡሱን አቆመና ዳቦ፣ ሙዝና አንድ ፌስታል ቆሎ ይዞ ተመለሰ። ደኑ ውስጥ ሳንድዊች ያላቸው ልጆች ቆሎውን ሲሻሙ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቅጽ ላይ ከአለርጂው ቀጥሎ የጾም ዓምድ አለ።

ገመዱን ወጥረን ስንጨርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቀጣዮቹ ሃያ ደቂቃዎች በመምህርነት ዘመኔ ከረዘሙብኝ መካከል ናቸው። «ሚስ፣ አሁን ምን እናድርግ?» «ቁጠሩ።» «ምን እንቁጠር?» «ያያችሁትን።» ተያዩ። ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አንዷ ደብተሯ ላይ ድመት መሣል ጀመረች። አፌን ይዤ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ብቻ ነው፤ ምላሴ ላይ 32ቱም ጥያቄዎች ተሰልፈው ነበር። ከዚያ ኬንያዊቷ ልጅ ተንበርክካ የጣት ቁመት ያላት ችግኝ አገኘችና እላዩዋ ላይ ከቆመው ትልቅ ዛፍ ጋር ቅጠሏን ማስተያየት ጀመረች። «ይቺ የዚህ ልጅ አይደለችም» አለች። «ታዲያ የማን ናት?» ሁሉም መሬት ለመሬት መሄድ ጀመሩ።

ስም የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው፤ ወደ ጠባቂው የሮጡትም ያኔ ነው። እርሳቸው በኦሮምኛም በአማርኛም ይነግሯቸዋል፣ እኔ ሳይንሳዊውን እጨምራለሁ፣ ደብተሩ ላይ ሳናስበው ሦስት ዓምድ ተሠራ። ጽድ ጋትራ ነው፤ ኮሶ ሄጦ፣ ጥቁር እንጨት ሆሚ፣ ወይራ ኤጀርሳ። ቦሌ ተወልደው ያደጉት ኢትዮጵያውያን ልጆች ጽድን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ስሙ ነበር። አንዷ ግን «ኤጀርሳ» የሚለውን ስትሰማ ቆም አለችና «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ኤጀርሳ ጎሮ አይደል? ወይራ ነው ማለት ነው?» አለች። ጠባቂው ራሳቸውን ነቀነቁላት። የታሪክ መምህሯ ቢሰማ ደስ ባለው።

ኮሶው ላይ ብዙ ቆየን። ቦታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበረ፤ ቀይ የአበባ ዘለላው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከገመዱ ውጭ ያለው ሌላው ኮሶ ግን ዘለላው የገረጣ ነው። በሽታ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ጥላ ነው ብለው ተከራከሩ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፍ መሆኑን፣ ቀዩ ዘለላ የሴቷ፣ የገረጣው የወንዱ እንደሆነ የነገርኳቸው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው። ጠባቂው በልጅነታቸው ለኮሶ ትል የሴቷን አበባ በጥብጠው እንዳጠጧቸው ሲተርኩ፣ ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ ባዩ ልጅ ፊቱ ራሱ ኮሶ መሰለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪያዊው ልጅ ጮኸ። ሳማ ነክቷል። እጁ ላይ ነጫጭ እብጠት ወጣ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን ስከፍት ጠባቂው ከአጠገቡ ቱልት የሚባል ቅጠል ቀጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው ቀቡት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ተሻለኝ» አለ። ጓደኛው ወዲያው «ቱልቱ ነው ወይስ በራሱ ጊዜ ነው የተሻለህ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ በዓመት አምስት ክፍለ ጊዜ የማባክንበትን የማነጻጸሪያ ሙከራ ጉዳይ ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። የተነከሰው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም እጁን አስነክሶ አንዱን ብቻ ለመቀባት ፈቃደኛ ሆነ! ከለከልኩት። ወላጆቹ የፈረሙት ቅጽ እስከዚያ ድረስ አይሄድም።

የቁመት ልኬቱ ያልጠበቅኩትን ችግር አመጣ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በስትሮው የዛፉን ጫፍ እያዩ ክሩ 45 ዲግሪ እስኪያሳይ ወደ ኋላ መሄድ፣ ከዚያ እስከ ግንዱ ያለውን ርቀት ለክቶ የራስን የዓይን ቁመት መደመር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የባንዲራውን ምሰሶ ለክተን በትክክል ሠርቷል። እዚህ ግን ሁለት ቡድኖች አንዱን ጽድ ለክተው አንዱ 33 ሜትር፣ ሌላው 21 ሜትር አገኙ። ከባድ ጠብ ሆነ። ሁለቱም ደግመው ለኩ፣ ሁለቱም ያንኑ አገኙ። እኔም ራሴ ለአፍታ ግራ ገባኝ። ከዚያ ድመት ስትሥል የነበረችው ልጅ፣ ደብተሯ ላይ ዛፉንና ሁለቱን ቡድኖች ሥላ አመጣች፤ አንደኛው ቡድን ከዛፉ ቁልቁል ቆሟል፣ ሌላው ሽቅብ። ግቢያችን ሜዳ ነው፤ ተራራው ግን ተዳፋት ነው። ከታች የቆመ ሰው ከእግሩ እስከ ዛፉ ሥር ያለውን ዳገት ጨምሮ ይለካል፣ ከላይ የቆመው ደግሞ ያንኑ ያጎድላል። «ወደ ጎን እንሂድ፣ ከዛፉ ሥር ጋር እኩል ከፍታ ላይ» አለች። ሄዱ፤ 26 ሜትር ሆነ። ለባልደረባዬ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ግቢው ውስጥ ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህ ለምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም።

ከምሳ በኋላ ችግኞቹን ቆጥረው በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ክር አሰሩ፤ 43 ሆኑ። ስንመለስ ታች የፈረንጅ ጽድ የተተከለበት ውስጥ ሌላ 20 በ20 ወጥረን ቆጠርን፤ አራት። ልጆቹ «የፈረንጅ ዛፍ የአገሩን አያበቅልም» ብለው በትልቁ ጻፉ። መልሱ አጭርና ጆሮ የሚገባ ስለነበረ እኔም «ጎበዞች» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን ደመል ተክታይና ፈየራ ሰንበታ የተባሉ ተመራማሪዎች በመካከለኛው ኢትዮጵያ በተተከሉ ደኖች ሥር የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ በብዛት እንደሚገኝ ማሳየታቸውን አገኘሁ። ከልጆቹ ድምዳሜ ተቃራኒ ነው። ሰኞ ክፍል ገብቼ «ዓርብ ጎበዞች ያልኳችሁን እንደገና እንየው» አልኳቸው። ምን ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነበር? ከብት ይገባበታል? ዘር የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? አንዱንም አልጻፍንም ነበር። አንድ ቦታ ቆጥሮ ስለ ደን ሁሉ መናገር እንደማይቻል ያስተማራቸው የእኔ መቸኮል ነው።

ነጥብ አሰጣጡ አሁንም አልተቃናልኝም። ባዶ ደብተር ሲሰበሰብ አንዱ ሁለት ገጽ፣ ሌላው ሃያ ገጽ ነው፤ ከሃያ ገጹ ይልቅ ሁለት ገጹ የሚበልጥበት ጊዜም አለ። ለጊዜው የማርመው መልሳቸውን ሳይሆን ጽፈው የመጡትን ጥያቄ ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን አልወደዱትም፣ አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ የግንቦቱን ጉዞ ወዴት እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ላንጋኖ ይላሉ ብዬ ነበር። አብዛኞቹ ቀይ ክሮቹን ማየት ይፈልጋሉ። ቢሮው ቅጹን አይቶ «እዚያማ ሁለት ጊዜ ሄዳችኋል፣ ምክንያቱ ይገለጽ» የሚል ማስታወሻ አያይዞ መልሶልኛል። ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ «ከ43ቱ ስንቱ እንዳለ ለመቁጠር» ብዬ ጽፌ ልኬያለሁ።