ባለጥቁር ነጥቡ ዱላ፦ የድሮ ፒንግ አይረኖቼን እንዴት እንዳደስኳቸው

የምሠራው ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ አመላልሳለሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከበረዶ አገር የሚመጣው ሰው ግማሹ የጎልፍ ቦርሳ ይዞ ነው የሚወርደው። ቦርሳውን የምጭነውም የማወርደውም እኔ ነኝ። ለዓመታት ከባድ ዕቃ ከመሆን ውጪ ሌላ ነገር አልነበረም ለኔ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሁድ ጠዋት ወደ ሕዝብ ሜዳ ይወስደኝ ጀመር። በቃ፣ ያዘኝ።

አዲስ የጎልፍ ዱላ ውድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው 8 አይረን፣ ራሳቸው ስስ ብረት የሆነ ዱላዎች ማለት ነው፣ በ35 ዶላር ገዛሁ። ከ3 ቁጥር እስከ 9፣ ከዚያ ለአጭር ርቀት የሚሆነው ዌጅ። ጀርባቸው ላይ «ፒንግ አይ 2» ይላል፤ ፒንግ የፋብሪካው፣ አይ 2 የሞዴሉ ስም ነው። እጀታቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ብረቱ ላይ የስንት ዓመት ጭቃ ጠጥሯል። ሻጩ «ሙሉ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ የተሠራ ነው» አለኝ። አመንኩት።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በዚያው ቀን ማታ ነው። ቶሎ እንዲያብረቀርቁልኝ ብዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጨርቅ እያደረግኩ ፈተግኳቸው። ጭቃውም ቆሻሻውም ለቀቀ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጨርቁ ላይ ትንሽ ቀለም አየሁ። ያልታጠቡትን ሳገላብጣቸው ጀርባቸው ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ አለ። የታጠቡት ሦስቱ ላይ ግን ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ጌጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጌጥ አልነበረም። ይህን የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ናቸው። ቦርሳቸውን ሳወርድ የእሳቸውም ፒንግ መሆኑን አይቼ ስለ ነጥቡ ጠየቅኳቸው። «እሱ እኮ ልክህ ነው፤ እንደ ጫማ ቁጥር አስበው» አሉኝ። ፋብሪካው ነጥቦቹን የጀመረው በ1972 ነው። (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ጥቁር ማለት መደበኛ ነው። ቀይ ዘንጉ ወደ መሬት ጋደም ያለ፣ ሰማያዊ ደግሞ ቀና ያለ ነው። ሰው ቁመቱም የእጁ ርዝመትም ይለያያል፤ ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ታችኛው ጠርዙ እኩል እንዲያርፍ ነው ይህ ሁሉ።

የጫማ ቁጥር ማለታቸው ቆይቶ ገረመኝ። ምክንያቱም የፋብሪካው መሥራች ካርስተን ሶልሃይም ጫማ ሠሪ ነበር።

ካርስተን በ1911 በርገን፣ ኖርዌይ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ሲያትል ገባ። አባቱ ጫማ ሠሪ፣ እሱም ጫማ ሠሪ። ኢንጂነሪንግ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ ያ ትልቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ትምህርቱ ተቋረጠ። ድስትና መጥበሻ እያዞረ ሸጧል። ከዚያ አውሮፕላን ፋብሪካ ገባ፣ በኋላም ጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነ። የጎልፍ ዱላ የጨበጠው በ42 ዓመቱ ነው፣ የሥራ ጓደኞቹ ለጨዋታ ሰው ጎድሏቸው ጠርተውት። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እኔ የጀመርኩት በ44 ዓመቴ ነው።

ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምታስገባው አጭሯ ዱላ፣ ፓተር የምትባለው፣ አስቸገረችው። ኳሷን ከመሀል ትንሽ ሳት አድርጎ ሲመታ ዱላዋ እጁ ላይ ትዞርበታለች። መሐንዲስ ነውና ክብደቱን ከመሀል ወስዶ ሁለቱ ዳር ላይ አስቀመጠው። በ1959 ሬድዉድ ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሠራት የመጀመሪያዋ ፓተር ኳስ ስትመታ «ፒንግ» የሚል ድምፅ አወጣች። የፋብሪካው ስም ከዚያ ወጣ። በ1961 መሥሪያ ቤቱ ወደ ፊኒክስ አዛወረው፣ እኔ ወደምኖርባት ከተማ። በ1966 አንሰር የምትባለዋን ፓተር ነደፈ፤ ስሟን ያወጣችው ሚስቱ ሉዊዝ ናት። በ1967 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራውን ትቶ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። 55 ዓመቱ ነበር። በ55 ዓመት ደመወዝ መተው ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል።

አይረኖቹ ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ እኔን የገዛኝ እነሱ ስለሆኑ። ድሮ አይረን የሚሠራው ተቀጥቅጦ ነበር። ጀርባው ለስላሳ፣ ክብደቱ ከመሀል በስተጀርባ የተከማቸ ስስ ብረት ነው። መሀሉን ካገኘኸው ግሩም ነው። ከሳትከው እጅህን ያነዝረዋል፣ ኳሷም ተጣማ ትሄዳለች። ካርስተን እንደ ፓተሩ ሁሉ የአይረኑንም ጀርባ ፈለፈለና ብረቱን ወደ ዙሪያው ወሰደው። በሁለት እጅህ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይዘህ ክንድህን ዘርግተህ ለመዞር ሞክር። በቀላሉ አትዞርም። ክብደቱ ዳር ላይ ሲሆን መዞሩን ይቃወማል። የአይረኑም ነገር ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ነገር በመዶሻ አይወጣም። እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። እኛ ግቢ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ የሠሩ። 7 ቁጥሩን በረንዳ ላይ ስፈትግ አዩኝና «እስቲ አምጣው» አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ አውራ ጣታቸውን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብተው ጠርዙን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ይሄማ የሰም ሥራ ነው እኮ ልጄ!»

«ጋሼ፣ ብረት ነው» አልኳቸው።

«ብረት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? መጀመሪያ በሰም ነው የተቀረጸው። ይሄ ማዕዘን በሞረድ አይወጣም።»

ትክክል ነበሩ። ፋብሪካው ከ1969ኙ ካርስተን 1 ከሚባለው አይረን ጀምሮ ብዙዎቹን አይረኖች የሠራው በዚህ መንገድ ነው። የዱላው ራስ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ በሴራሚክ ይለበጣል። ልባጩ ሲደርቅ ይሞቅና ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ጋሼ ወርቁን፣ መስቀሉን የሠሩት እንዲሁ ነው፣ በሴራሚኩ ፈንታ ጭቃ ሆኖ። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛ ቤት ነው። ፊኒክስ በረንዳዬ ላይ የጎልፍ ዱላ ይዤ ይህን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ።

አይ የሚባለው አይረን በ1978 መጣ። አይ 2 በ1982 ተከተለ። መልኩን ያልወደዱት ብዙ ነበሩ፤ ከቀጫጭኖቹ የድሮ አይረኖች አጠገብ ሲቀመጥ ወፍራምና ጎባጣ ነው። ግን ተሸጠ፣ በጣም ተሸጠ።

ከዚያ የቦዮቹ ክርክር መጣ። አይረን ፊቱ ላይ አግድም የተቆረጡ ቦዮች አሉት፤ ሣርና ውሃ የሚገባባቸው፣ ኳሷን የሚያሽከረክሩ። ቦዮቹ ድሮ እንደ ቪ የሾሉ ነበሩ። በ1984 ሕጉ እንደ ዩ የሆኑትንም ፈቀደ። የፒንግ ቦዮች ጠርዝ ግን የኳስ ቆዳ ይልጥ ስለነበር ካርስተን ጠርዙን ትንሽ አለዘበው። ጣጣው ከዚህ ነው የመጣው። በሁለት ቦዮች መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የአንዱ ቦይ ስፋት 3 እጥፍ መሆን አለበት። የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር ስፋቱን ከለዘበው ጠርዝ ጀምሮ ለካና ዱላው ከሕግ ውጪ ነው አለ። የሚያጣላቸው ልዩነት ከፀጉር አይሰፋም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1990 ከማኅበሩ ጋር ታረቁ፤ ከሚያዝያ 1 ቀን 1990 በፊት የተሠሩት እንደ ሕጋዊ እንዲቆጠሩ፣ አዲሶቹ እንዲስተካከሉ። የባለሙያ ተጫዋቾችን ውድድር ከሚያካሂደው ከፒጂኤ ቱር ጋር የነበረው ክስ ደግሞ በ1993 በስምምነት ተዘጋ። ያ ስምምነት ዕድሜው ረዥም ሆነ። በ2010 ባለሙያዎች ላይ አዲስ የቦይ ሕግ ሲወጣ፣ ታዋቂው ተጫዋች ፊል ሚክልሰን የድሮውን አይ 2 ዌጅ ይዞ ወጣ፤ አላጠፋም፣ ስምምነቱ ይፈቅድለት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የካርስተን ልጅ ጆን ሶልሃይም ስምምነቱ የሰጠውን መብት ለቀቀ። እኔ ካርስተን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። የሰው ኳስ እንዳይላጥ ብሎ ጠርዝ ያለዘበ ሰው በማጭበርበር ሊጠረጠር አይገባም።

ወደ በረንዳው ልመለስ። ቀጥሎ እጀታ መቀየር ነበር። የድሮውን በመንጠቆ ቢላ ከራስ ወዲያ እየገፉ መሰንጠቅ፣ የድሮውን ቴፕ ልጦ ማንሳት፣ ከዚያ ሁለት ጎን የሚያጣብቅ ቴፕ መጠቅለል። ቴፑን በቀለም ማቅጠኛ ታርሰውና አዲሱን እጀታ በአንድ ትንፋሽ ትገፋዋለህ። የመጀመሪያው ላይ ማቅጠኛውን ሰሰትኩ። እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ፣ ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ እጀታው ውስጥም ሞልቼ፣ ነቅንቄ፣ ቴፑ ላይ አፍስሼ፣ ሳላመነታ ገፋሁ። ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልጋል፣ በዚያው ቀን አትምቱበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አንዳንዱ አይ 2 እንደ መዳብ ቀላ ይላል። ቤሪሊየም የተቀላቀለበት መዳብ ነው። መምታት ምንም አይልም፤ ግን እንዳትሞርዱት፣ በብርጭቆ ወረቀትም እንዳትፈትጉት። አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ 8 ቁጥሩ አስቸገረኝ። ሌሎቹ ደህና ይሄዳሉ፣ እሱ ብቻ ወደ ግራ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት አመታቴን ሳስተካክል ከረምኩ። አንድ ማታ የሽማግሌው መንገደኛ ነገር ትዝ አለኝ። ከነጥቡ ሌላ እያንዳንዱ ዱላ አንገቱ ላይ የፋብሪካ መለያ ቁጥር ተመቶበታል፤ አንድ ላይ የተሠሩት አንድ መለያ ቁጥር አላቸው። በስልኬ መብራት አየሁ። ሰባቱ እኩል ናቸው። 8 ቁጥሩ ላይ ያለው መለያ ግን ሌላ ነው። በአሴቶን ካጠብኳቸው ሦስቱ አንዱ እሱ ነበር። መርፌ አምጥቼ የነጥቡን ጉድጓድ ጠርዝ ጫር ጫር ሳደርገው ሰማያዊ ቅንጣት ወጣች። ከሌላ ስብስብ የመጣ፣ ቀና ያለ ዱላ ነው። ቀና ያለ ዱላ ተረከዙ መሬት ይነካል፣ ፊቱ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ኳሷም ወደዚያው። ነጥቡን ባላጥበው ኖሮ በመጀመሪያው ማታ አውቀው ነበር።

ማጣመም አይቻልም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። በዚህ መንገድ የፈሰሰ ብረት ከተቀጠቀጠው ይልቅ ግትር ነው፤ ሊሰበር ይችላል ተባልኩ። ባለጥቁር ነጥብ 8 ቁጥር ለብቻው ፈልጌ በ12 ዶላር ገዛሁ። ያጠፋኋቸውን ሁለቱን ነጥቦች በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጥቁር ቀለም ሞላሁባቸው።

ባለፈው እሁድ ጋሼን መለማመጃው ሜዳ ይዣቸው ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በአዲሱ 8 ቁጥር መታሁ። መሀሉን አላገኘሁትም፣ ድምፁ ራሱ ተናገረ። ኳሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ከባንዲራው ወረድ ብላ አረፈች።

«ዳሩን ነው የመታኸው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ሄደችሳ!» አሉና ዱላውን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።