ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት

አካውንቲንግ ለተማረ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ መፈለጊያው ወር ግንቦት ነው። ይህን ካመንኩ ሰነበትኩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ትልልቆቹ፣ ደግሞ ሂሳባቸውን አሠርተው እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለባቸው። ክረምቱን ሙሉ የሂሳብ ቢሮዎች በደረሰኝ ክምር ይታፈናሉ። ያኔ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ጊዜ ያለው የለም። የሚታወቅ ልጅ ይጠራና ይገባል።

እናም ዛሬ ገበያው አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሲቪ አልያዝኩም፤ ሆን ብዬ ነው። ሲቪ የያዘ ሰው በር ላይ «ክፍት ቦታ የለም» ተብሎ ይሸኛል።

«ጋሼ፣ ቅጠሩኝ ልል አይደለም የመጣሁት። አዲስ ልጅ እዚህ ሲገባ ምን እንደሚቸግረው ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ሳቁና ወንበር አሳዩኝ።

«ፒችትሪ ትችያለሽ?» የሂሳብ መሥሪያ ሶፍትዌሩን ማለታቸው ነው።

«እችላለሁ።»

«እሱን ሁሉም እችላለሁ ነው የሚለው። እስቲ ደሞዝ ሥሪልኝ» ብለው ወረቀት ገፉልኝ። የሥራ ግብሩን፣ ጡረታውንም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ አድርጌ ሠራሁት። ዝም ብለው አዩት። ቀጥለው የወር የቫት ማሳወቂያ ሞልቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። ሞልቼ አላውቅም። ግቢ ትርጉሙን ነው ያስተማሩን። «በይ ሐሙስ ነይና ሲሞላ እይ» አሉኝ። ከብዙ ማመልከቻ ይልቅ ይቺ ሐሙስ ትሻለኛለች።

ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው የሚባለው ነገር ውሸት ነው አልልም። አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን «አስገቡኝ» እና «አስረዱኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውን ያሳቅቃል። ሁለተኛውን ግን የሚነፍግ ሰው እዚህ አገር ብዙም አላየሁ።

ማስታወቂያውንም አልተውኩትም። ምዝገባው ብዙ ጊዜ ከጥቂት የሥራ ቀናት አያልፍም፣ ኔትወርኩም እንደፈለገ ነው። ስለዚህ ዲግሪዬ፣ ስቱደንት ኮፒዬ፣ የመውጫ ፈተና ውጤቴና ፋይዳዬ ስካን ተደርገው ስልኬ ላይ ተቀምጠዋል። ለአንድ የጽሑፍ ፈተና ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መሄድ ግን ብሩም መንገዱም ያሳስባል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ስለ ፈተናው ሳልጠይቅ አልነሳም። «አስቀጥርሻለሁ፣ ቅድሚያ ብር ላኪ» የሚል ቁጥር ደግሞ ወዲያው ብሎክ።

ነገ የምደውለው ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ጥያቄዎቼን ጽፌያለሁ። ፈተናው በወረቀት ነው ወይስ በኤክሴል? ከ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ በኋላ ሰው ያስቀራሉ ወይስ ያሰናብታሉ? ቤት ኪራዩስ? ደሞዟን ግን በስልክ አልጠይቃትም፤ እሱ በአካል ስንገናኝ ነው።