አንቱ የተባለውን አቫታር ማንም አልጠየቀውም

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ስለ እምቦጭ በቪአር (መነጽር ተደርጎ በሚገባበት፣ በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ) አስተማርኩ። መነጽሩ ሦስት ነው። ሁለቱን ልጆቹ በየተራ ያደርጋሉ፣ አንዱን እኔ። የቀሩት በቴሌቪዥን ያያሉ። ሐይቁን፣ ታንኳውን፣ ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለውን የእምቦጭ ሥር ለመሥራት ወራት ፈጅቶብኛል። የአስተማሪው አቫታር፣ ማለትም እዚያ ውስጥ እኔን የሚወክለው ምስል፣ ምን ይምሰል የሚለውን ግን በአንድ ማታ ነው የጨረስኩት። ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የራሴን ፊት ከፎቶ ሠራሁ። የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ። አንዷ ልጅ መነጽሩን ወዲያው አወለቀችው። «ጋሼ፣ ዓይኑ የሞተ ሰው ይመስላል» አለች።

ልክ ነበረች። የእኛ መነጽር ኩዌስት 2 የሚባለው ነው፤ ያደረገውን ሰው ዓይን አይከታተልም። ፊቱ የእኔ ሆኖ ዓይኑ የትም አያይም። ጃፓናዊው የሮቦት ተመራማሪ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሮቦቶች የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሰው ለመምሰል ትንሽ የቀረው ነገር ጭራሽ ከማይመስለው ይልቅ ይቀፋል። እኛ ጋ ደግሞ ዓይን ከባድ ነገር ነው። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ብትገቡ ግድግዳው ላይ የተሣሉት ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩአችኋል። ክፉዎቹ ግን በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ፎቶውን ትቼ ቀለል ብለው የተሣሉ ሁለት አቫታሮች ሠራሁ። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ይርገበገባል፣ ወደሚናገረው ልጅ ይዞራል። አንደኛው ጋቢ የለበሱ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ታንኳ አጠገብ የቆመ፣ የልጆቹ እኩያ። የሁለቱም ድምፅ የእኔ ነው፤ ይህንን ሁሉም ያውቃሉ።

ሽማግሌው ብቅ ሲሉ አንድ ልጅ መነጽሩን እንዳደረገ ከወንበሩ ብድግ አለ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ትከሻውን ባይዘው ከጠረጴዛው ጋር ይጋጭ ነበር። «አባባ፣ ይቀመጡ» አለ ልጁ። ከዚያ ሁሉም ጭጭ። ሃያ ደቂቃ አስተማርኩ፣ አንድ ጥያቄ አልመጣም። «ገብቷችኋል?» ስል «አዎ፣ አባባ!» ብቻ።

እኔም ተለውጬ ነበር። ቅጂውን ሳዳምጠው ንግግሬ ረግቷል፣ መጨረሻ ላይ መርቄያቸዋለሁ። ተመራማሪዎቹ ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 የፕሮቲየስ ውጤት ያሉት ይህ ነው፤ ሰው የለበሰውን አቫታር ጠባይ ይይዛል።

በማግስቱ ታንኳ አጠገብ በቆመው ልጅ አቫታር ገባሁ።

«አንተ፣ ቆይ እስቲ» አለች ያቺው «ዓይኑ የሞተ ሰው ይመስላል» ያለችው ልጅ። «ከታጨደ በኋላ ለምንድን ነው ተመልሶ የሚበቅለው?»

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት እንደሚተኛ፣ ተቆርጦ የቀረውም ቁራጭ እንደሚያቆጠቁጥ ውሃው ውስጥ ይዣት ገብቼ አሳየኋት። አልለቀቀችኝም። «ታዲያ የታጨደውን ዳር ላይ ጥለውት ቢሄዱስ?» ሌሎቹም ተከተሏት፣ ሰዓቱ አለቀብን።

አሁን ሽማግሌው መክፈቻው ላይ ብቻ ነው የሚገቡት፣ የድሮውን ሐይቅ ሊያወሩ። የቀረውን ልጁ ይይዘዋል። ልጆቹ «ሴት ለምን የለችም?» ብለውኝ እሷን እየሠራሁ ነው። ከዓይኗ ነው የጀመርኩት።